ሳይንቲስት ለመሆን በየት በኩል ይገባል? አፕላይድ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ጤናና ግብርና ሲነጻጸሩ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ማግስት ቤት ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት አመጣህ?» ነው፤ ቀጥሎ «ምን ልትሞላ ነው?» ይመጣል። አጎት ሕክምና ይላል፣ የሰፈሩ መሐንዲስ ሲቪል ይላል፣ ሶፍትዌር የሚልም አይጠፋም። ምክሩ ሁሉ ከቅንነት ነው። ይሁንና አብዛኛው የሚመዝነው ደመወዝና ክብርን ስለሆነ፣ ምርምር መሥራት የሚፈልግ፣ ማለትም ገና መልስ ያልተገኘለትን ጥያቄ ይዞ ዕድሜውን ሊያሳልፍ ያሰበ ተማሪ የሚያማክረው ሰው አያገኝም። ይህን የጻፍኩት ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ነው፤ አብረውት ፎርም ለሚሞሉ ወላጆችም።

አቋሜን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሰውን ለሳይንስ ሥራ የሚያዘጋጀው በትምህርት ዘመኑ በገዛ እጁ የሠራው ሥራ ነው። አንድን ነገር ራሱ የለካ፣ ቁጥሩ አልገጥም ሲለው ምክንያቱን የፈለገ፣ ያገኘውን ጽፎ ሌላ ሰው እንዲተችለት የሰጠ ተማሪ ከየትኛውም ዲፓርትመንት ቢወጣ ይቀናዋል። ስለዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው በዚህ ነው፦ እጅ የማስገባት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ከዲግሪው በኋላ የትኛው መንገድ ክፍት ይቀራል? መንገዱ ባይሳካስ ምን ተይዞ ይወጣል?

አፕላይድ ሳይንስ

ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ፣ ጂኦሎጂ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ስለተመለሰ ትምህርቱ 4 ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት 3 ዓመት ነበር። ይህች አንድ ዓመት ለምርምር ለሚያስብ ተማሪ ቀላል አይደለችም። ከ12 ዓመት ትምህርት በኋላ የተገኘ የ3 ዓመት ዲግሪ በአንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «አይበቃም» ይባል ነበር፤ የ4 ዓመቱ ግን በቀጥታ ለፒኤችዲ ለማመልከት ያስችላል።

የአፕላይድ ትልቁ ብርታት መሠረቱ ነው። ኳንተም ሜካኒክስን፣ ቴርሞዳይናሚክስን፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ወይም ሪያል አናሊሲስን ከሥሩ ጀምሮ በወጉ የሚያስተምር ሌላ ቦታ ብዙ የለም። በፊዚክስ ወይም በሒሳብ ተመራማሪ መሆን የሚፈልግ ሰው ኢንጂነሪንግ ገብቶ «በኋላ እመለሳለሁ» ቢል፣ ያመለጡትን ኮርሶች ማካካስ ብዙ ያደክመዋል። ለዚህ ተማሪ ምክሬ አጭር ነው፦ አፕላይድ ይግባ።

ድክመቱንም መሸፋፈን አያስፈልግም። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚገኘው ሥራ ጠባብ ነው። ብዙዎቹ ወደ ማስተማር ይሄዳሉ፤ የኬሚስትሪ ምሩቅ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ሊያገኝ ይችላል፤ ስታቲስቲክስ ከሁሉም የተሻለ ገበያ አለው። ወደ ማስተርስ የማይቀጥል ሰው ይህን አውቆ ይግባበት።

ሁለተኛው ድክመት ላቡ፣ ማለትም ላቦራቶሪው ነው። ይህን ሳስተምር በቅርብ አይቼዋለሁ። የአሲድን መጠን ቤዝ በጠብታ እየጨመሩ የመለካት (ታይትሬሽን) ሙከራ አለ እንበል። ሠላሳ ተማሪ ጥቂት ቢዩሬቶችን፣ ማለትም ፈሳሽ በጠብታ የሚለቁ ባለ ቧንቧ የመስታወት ቱቦዎችን ከብቦ ይቆማል። አንዱ ቧንቧውን ይከፍታል፣ አንዱ ፍላስኩን ያወዛውዛል፣ አንዱ ንባቡን ይጽፋል፤ ሌላው ከትከሻ በላይ አሻግሮ ያያል። ፊኖልፍታሊን የተባለው ቀለም አመልካች የተጨመረበት ፈሳሽ ሮዝ ሲሆን ሁሉም «መጣ!» ይላል፣ ያንኑ ቁጥር ገልብጦ ሪፖርት ያስገባል። መጨረሻው ላይ ጠብታዋን በግማሽ አቁሞ፣ ፍላስኩን ነቅነቅ አድርጎ፣ ቀለሙ መልሶ ጠፍቶበት፣ አንዲት ጠብታ ጨምሮ፣ የደበዘዘው ሮዝ ሲረጋለት ያየው ግን ቧንቧውን የያዘው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። አንዲት ጠብታ ቢያሳልፍ ደማቅ ሮዝ ይሆንበትና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስህተት ከየት እንደሚመጣ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ አፕላይድ የሚገባ ተማሪ ቧንቧውን መያዝ አለበት። ዕድሉ ካልደረሰው የላብ ረዳቱን ለምኖ፣ ሌላ ሴክሽን ሲሠራ ገብቶ፣ ቅዳሜም ቢሆን ተመልሶ መሥራት ይችላል። አብዛኞቹ የላብ ረዳቶች የሚጠይቃቸው ተማሪ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። ሴት ተማሪዎችን በተለይ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፦ በቡድን ሥራ ጽሕፈቱ ለእናንተ፣ መሣሪያው ለወንዶቹ ሲከፋፈል ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

ኢንጂነሪንግ

5 ዓመት ይፈጃል፤ በመካከሉ ኢንተርንሺፕ፣ በመጨረሻ ፕሮጀክት አለው። እጅ የማስገባት ዕድሉ ከአፕላይድ ይሻላል፤ ቢያንስ ተማሪው አንድ ጊዜ ከግቢ ወጥቶ እውነተኛ ተቋም ውስጥ ይሠራል። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ወደ ማቴሪያል ሳይንስና ወደ ኢነርጂ ምርምር፣ ኤሌክትሪካል ወደ ሴንሰርና ወደ ሳተላይት፣ ሶፍትዌርና ኮምፒውተር ወደ ማሽን ለርኒንግ ያሻግራሉ። አገራችን እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ስትተክል፣ በኋላም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1ን ስታመጥቅ፣ ፊዚክስ የተማረውም ኤሌክትሪካል የተማረውም አስፈልጓታል።

ወላጆች ኢንጂነሪንግን የሚመርጡት «ሥራ አያጣም» በሚል ነው። ያ ዘመን አልፏል። 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚለው ምደባ ለዓመታት ከሠራ በኋላ ገበያው በመሐንዲስ ተጨናንቋል። ሥራ ፈላጊ መሐንዲስ በየሰፈሩ አለ። ስለዚህ አንድ ተማሪ ልቡ ሳይንስ ላይ ሆኖ ለዋስትና ሲል ብቻ ኢንጂነሪንግ ቢገባ፣ ዋስትናውንም ላያገኝ፣ የወደደውንም ሊያጣ ይችላል። ነገር መሥራት፣ መግጠም፣ ማስነሳት የሚያስደስተው ከሆነ ግን አያመንታ።

ጤና

እዚህ ላይ ነው ከወላጅ ጋር ብዙ ክርክር የሚነሳው። ሕክምና ረጅምና ከባድ ትምህርት ነው፤ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ስፔሻላይዜሽን ሲጨመርበት ዕድሜ ይበላል። የሚያሠለጥነውም በሽተኛ ፊት ቆሞ ውሳኔ እንዲሰጥ ነው። ምርምር ለመሥራት ብቻ ሕክምና መግባት ረጅም ዙር መዞር ነው። በሽተኛን ማከም የሚወድ፣ ከዚያም በሽታውን መመርመር የሚፈልግ ሰው ግን የማንም ባዮሎጂስት የማያገኘው ነገር አለው፤ ጥያቄው ከአልጋው አጠገብ ይመጣለታል።

ብዙ ሰው ልብ የማይላቸው ሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስና ፋርማሲ ናቸው። ሁለቱም ከሕክምና ያጥራሉ፣ ሁለቱም ፈቃድ ያለው ሙያ ይሰጣሉ፤ ሜዲካል ላብ ደግሞ ተማሪውን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ከማይክሮስኮፕና ከናሙና ጋር ያውለዋል። ወደ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢሚውኖሎጂ ወይም ሞለኪውላር ባዮሎጂ ማስተርስ የሚያልፍ ተማሪ ከዚያ ሲመጣ እጁ የተፈታ ነው። አዲስ አበባ አለርት ግቢ ውስጥ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እንዲህ ዓይነት ሰው የሚሠራባቸው ቦታዎች ናቸው። ባዮሎጂን ወዶ «ሥራ ባላገኝስ?» ብሎ ለሚሰጋ ተማሪ እኔ የምመክረው ሜዲካል ላብን ነው፤ ምርምሩ ባይሳካ እንኳ ሙያው እንጀራ ነው።

ግብርና

ከአራቱ እጅግ የተናቀው ይህ ነው፤ በእኔ ፍርድ ግን ለምርምር ሕይወት ከሁሉም የተሻለ ዝግጅት ከሚሰጡት አንዱ ነው። «ተምረህ ተምረህ ገበሬ ልትሆን?» የሚለው አባባል ስንቱን ጎበዝ እንዳሸሸ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ምክንያቴን ላስረዳ። የአፕላይድ ላብ ውድ መሣሪያና ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ይፈልጋል፤ የግብርና ላብ ግን ማሳው ነው፤ ማሳ ደግሞ አለን። የእጽዋት ሳይንስ ተማሪ መሬቱን በገመድና በችካል ይከፋፍላል። ለምሳሌ አራት የማሽላ ዝርያ ማነጻጸር ቢፈልግ፣ መሬቱ አንደኛው ጫፍ ለምና ሌላው ደረቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ማሳውን ሦስት ወይም አራት ብሎክ አድርጎ እያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ አራቱንም ዝርያ በዕጣ ይዘራል። ከዚያ ወራት ቆጥሮ፣ ቁመት ለክቶ፣ በየቦታው የበቀለውን አቀንጭራ (የማሽላን ሥር እየመጠጠ የሚያድግ አረም) ቆጥሮ፣ ልዩነቱ ከአፈሩ ይሁን ከዝርያው በስታቲስቲክስ ይለያል። የሙከራ አነዳደፍ ማለት ይኸው ነው፤ በሌላ ዲፓርትመንት ያለ ተማሪ ማስተርስ ላይ ደርሶ የሚያገኘውን እሱ በመጀመሪያ ዲግሪ ያገኘዋል።

አቀንጭራን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከጅማ የግብርና ትምህርት ቤት ተነስተው ዓለማያ ኮሌጅ (የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) እ.ኤ.አ. በ1973 በእጽዋት ሳይንስ ተመረቁ፤ ከዚያ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲያቸውን ሠርተው፣ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከጎጃም ፍኖተ ሰላም የተነሱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙም የተማሩት የእጽዋት ሳይንስ ነበር፤ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ዩኔስኮና ሎሬያል ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት አግኝተዋል።

ቅጥርም አለ። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ሆለታ፣ መልካሳ፣ ደብረ ዘይት፣ ቁሉምሳ ማዕከላት አሉት፤ ክልሎችም የየራሳቸው የግብርና ምርምር ተቋም አላቸው። በመጀመሪያ ዲግሪ «ተመራማሪ» ተብሎ የሚቀጠርበት ዘርፍ ከዚህ ሌላ ብዙ አላውቅም። ጉድለቱ ኑሮው ከከተማ ሊርቅ መቻሉ ነው፤ ያን የማይፈልግ ሰው አስቦበት ይግባ።

አገሩ ራሱ ላብ የሆነባቸው ዘርፎች

ከግብርና ጋር አያይዤ አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ካለ ተማሪ ጋር በመሣሪያ መወዳደር ከባድ ነው፤ እነሱ ግን አፋርን፣ ጤፍን፣ የጫካ ቡናን ለማየት ወደ እኛ ይመጣሉ። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ተመርቀው ብሔራዊ ሙዚየም ተቀጠሩ፣ ፈረንሳይ ማስተርስና ፒኤችዲ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን የሕፃን ቅሪተ አካል፣ «ሰላም»ን አገኙ። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪያቸው በታሪክ ነው! ሙዚየም ውስጥ ሲሠሩ ቆይተው ነው በርክሌይ ሄደው የሰው ዘር አመጣጥ ተመራማሪ የሆኑት። ዶክተር አክሊሉ ለማም እንዶድ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነበር።

ስለዚህ የፈለጋችሁት ዲፓርትመንት ባይደርሳችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ጂኦሎጂ ወይም ባዮሎጂ ደርሷችሁ ካለቀሳችሁም የደረሳችሁ ነገር ምን እንደሆነ አጣሩ።

የትኛው ዩኒቨርሲቲ?

እዚህ ላይ ባጭሩ ልለፍ፤ ምርጫው በውጤትም ስለሚወሰን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ በተፈጥሮ ሳይንስ የቆየ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራምና ብዙ ፒኤችዲ ያላቸው መምህራን አሉት፤ ለምርምር ጠቃሚ የሆነው ይህ ነው። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ ፈተና ጭምር ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም መግቢያ ፈተና ይሰጣሉ፤ ኢንጂነሪንግ ለሚፈልግ ቅድሚያ የምሰጣቸው እነሱን ነው። ለጤና ጎንደርና ጅማ፣ ለግብርና ሐረማያና ሐዋሳ ሥር የሰደደ ልምድ አላቸው።

አዲስ የተከፈተ የክልል ዩኒቨርሲቲ ቢደርሳችሁስ? መሣሪያው ያንሳል፤ የክፍሉ ተማሪ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፣ መምህሩ በስም ያውቃችኋል። የድጋፍ ደብዳቤ በሚጻፍበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሁለት መቶ ተማሪ መካከል የማያውቃችሁ ታዋቂ ፕሮፌሰር ከሚጽፍላችሁ፣ ቴሲሳችሁን ገጽ በገጽ ያረመ ወጣት መምህር ቢጽፍላችሁ ይሻላል።

ከምርቃት በኋላ፦ ሥራ፣ እዚሁ ማስተርስ ወይስ ውጭ?

የመውጫ ፈተናው ላይ 50 ማምጣት ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ ዲግሪው አይሰጥም። ከዚያ ሦስት መንገድ አለ።

እዚሁ ማስተርስ መማር ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠይቃል። የሚያዋጣው ጥሩ አድቫይዘር (ምርምሩን የሚመራ አማካሪ መምህር) ከተገኘ ብቻ ነው። አድቫይዘሩ በቅርብ ዓመታት ምን እንዳሳተመ፣ ተማሪዎቹ በስንት ዓመት እንደሚጨርሱ ሳታጣሩ አትመዝገቡ። የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ተማሪ ደግሞ ስዊድን ኡፕሳላ ያለው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም ሲደግፋቸው የቆዩትን የምርምር ቡድኖች ይፈልግ፤ በእነሱ በኩል ለጥናት ወጣ ብሎ የመመለስ ዕድል ሊኖር ይችላል።

በአፍሪካ ውስጥ ያሉትን ብዙ ተማሪ አያስባቸውም፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማነሳው እነሱን ነው። የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም በሩዋንዳ፣ በጋና፣ በሴኔጋል፣ በካሜሩንና በደቡብ አፍሪካ የአንድ ዓመት ገደማ ማስተርስ ከነመኖሪያና ምግቡ በነጻ ይሰጣል። የአፍሪካ ኅብረት የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲም ኬንያ ባለው ተቋሙ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ማስተርስና ፒኤችዲ በስኮላርሺፕ ያስተምራል። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በአብዱስ ሰላም የተመሠረተው የፊዚክስ ማዕከል ደግሞ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ሙሉ ወጪውን ችሎ ይሰጣል፤ ትምህርቱ ጠንካራ ነው፣ ከዚያ የወጣ ተማሪ ለፒኤችዲ ተፈላጊ ነው።

አሜሪካና አውሮፓ የሚለያዩት በአሠራር ነው። አሜሪካ በሳይንስ ዘርፍ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ፒኤችዲ መግባት ይቻላል፤ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፣ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያውን ችሎ በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ወርሃዊ ክፍያ ይሰጣል። «ማስተርስ የለኝም» ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ። አውሮፓ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይቀድማል፤ ከዚያ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስ ወይም በስዊድን ፒኤችዲ እንደ ሥራ ቅጥር ማስታወቂያ ወጥቶበት ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። ማስተርሱን የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ወይም የጀርመኑ ዳድ (DAAD) ስኮላርሺፕ ሊሸፍነው ይችላል። የማመልከቻ ክፍያ በዶላር ሲጠየቅ ብዙዎች እዚያው ይተዉታል። በኢሜይል በትሕትና ክፍያው እንዲነሳላችሁ ጠይቁ፤ የሚፈቅዱ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት አይደሉም።

ሥራ መጀመርስ? የቤተሰብ ኃላፊነት ያለበት ሰው ምርጫ ላይኖረው ይችላል፤ እሱን ከሳይንስ የወጣ አድርጎ የሚያይ ሰው አልወድም። ከተቻለ ግን ሥራው ከላብ፣ ከናሙና ወይም ከዳታ ጋር የሚያገናኝ ይሁን። በምርምር ተቋም ቴክኒሻን ሆኖ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው፣ ከፍተኛ ጂፒኤ ይዞ ላብ ካልነካው ሰው የተሻለ ማመልከቻ ይጽፋል።

ገና ላልወሰነ ተማሪ

ከአራቱ የቱን እንደሚመርጥ ያላወቀ ተማሪ ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ ላይ ይበርታ። ዛሬ የጂን ቅደም ተከተል የሚያነበውም፣ የአየር ንብረት የሚያጠናውም፣ የወባን ሥርጭት የሚከታተለውም ፓይተን (Python) ወይም አር (R) በተባሉት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ኮድ ይጽፋል። ለመጀመር ያህል የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም በነጻ ከሚሰጣቸው ኮርሶች መካከል ዳታ ሳይንስ አለበት። እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍም እንዲሁ ነው፤ ሳይንሱ ገብቶት ሁለት ገጽ መጻፍ ያቃተው ተማሪ በየዓመቱ አያለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል።

ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ባሰባችሁት ዲፓርትመንት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። በዚህ ሴሚስተር በእጁ የሠራውን ሙከራ እንዲነግራችሁ፣ መጨረሻ ዓመት ላይ ቴሲስ ለብቻ ይሁን በቡድን እንደሚሠራ፣ ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት የት እንደደረሱ ጠይቁት። ውጭ የማመልከት ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ የአሜሪካ ፒኤችዲ ማመልከቻ በአብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሚዘጋ፣ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ከመስከረም ጀምራችሁ አናግሩ፤ ትራንስክሪፕታችሁንና የሠራችሁትን ሪፖርት አያይዛችሁ ስጧቸው።